ቀጥቃጭ ነበር፤ እና ምን ይጠበስ?

ለፌቭር የሚባለው የፈረንሳይ የቤተሰብ ስም ቀጥቃጭ ማለት ነው። በቃ። ባላባት አይደለም። መስፍን አይደለም። የመስቀል ጦርነት ዘማችም አይደለም። ብረት አግሎ፣ መስፍ ላይ አጋድሞ፣ በመዶሻ የሚወቅጥ ሰው ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ውጬ በዚህ በሊል ከተማ ስንት የእሁድ ምሳ አንገቴን ደፍቼ እንደበላሁ እኔና ሹካዬ ነን የምናውቀው። ዛሬ ግን መረረኝ።

ያገባሁት ለፌቭር ነው። በአማቼ ሳሎን፣ ከእሳት ማንደጃው በላይ፣ በወርቅማ ፍሬም የተሰቀለ ጋሻ አለ። አንበሳ አለበት፤ ኮከቦች አሉበት፤ ከሥሩ የላቲን ጽሑፍ አለ። «የቤተሰባችን አርማ!» ይላሉ አማቼ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር። በፖስታ የተገዛ ነው። ደረሰኙን በዓይኔ አይቻለሁ። ነጋዴው ያንኑ ጋሻ ለአንዱ ለፌቭር ሸጦ ሲያበቃ ለሌላው ይሸጣል። አርማ ግን የአንድ የዘር ሐረግ ነው፤ የስም አርማ የሚባል ነገር የለም። ታዲያ ያ ሁሉ የማይዛመድ ሰው አንድ ጋሻ ሥር ምን ይሠራል? ዝናብ ተጠልሎ ነው?

«ብዙ ነን፤ ትልቅ ዘር ነን» ይሉኛል ደግሞ። ብዙስ ናቸው። ለፌቭር በፈረንሳይ በብዛት ከሚገኙት ሃያ የቤተሰብ ስሞች አንዱ ነው፤ እዚህ በሰሜኑ ደግሞ ድንጋይ ቢወረወር የሚያርፈው ለፌቭር ላይ ነው። ግን ለምን በዛ? እስቲ እናስብ። በመካከለኛው ዘመን አንድ መንደር ውስጥ አሥር ዣን ነበር። አንዱን ዣን ከሌላው ለመለየት ቅጽል ተለጠፈ፦ ቀዩ ዣን፣ ትንሹ ዣን፣ ቀጥቃጩ ዣን። ቀጥቃጭ መንደር ውስጥ አምስት ቢሆን ኖሮ ቅጽሉ ለመለያ አይበጅም ነበር። አንድ ስለነበረ ሠራ። ያለ ማረሻ፣ ያለ ማጭድ፣ ያለ ፈረስ ኮቴ ብረት የሚኖር መንደር ስለሌለ ደግሞ እያንዳንዱ መንደር የራሱን ቀጥቃጭ ሰየመ። ቅጽሉ ወደ ልጅ ልጅ ወረደ። ብዛቱ እንግዲህ ምን ይመሰክራል? አንድ ዘር አለመሆናቸውን!

ደቡብ ብትወርዱ ፋብርና ፎር ትሆናለች። ወደ አልፕስ ተራሮች ፋቭር። ብሪታኒ ለ ጎፍ። አልዛስ ሽሚት። ሁሉም ያው መዶሻ ነው።

የ«ቤ»ዋ ነገር ደግሞ አለች። በአማቼ ስም ውስጥ የማትነበብ «ቤ» አለች። ያለ «ቤ» የሚጽፉትን ለፌቭሮች እንደ ዲቃላ ነው የሚያዩዋቸው። ይህች «ቤ» ከየት መጣች? ከጸሐፊ ብዕር። የላቲኑ «ፋቤር» በሕዝብ አፍ ተፈጭቶ «ፌቭር» ሲሆን «ቤ»ዋ ቀልጣ ቀርታ ነበር። ላቲን ማወቁን ማሳየት የፈለገ ጸሐፊ መልሶ ሰነቀራት። ያኔ ዛሬ «ቭ» እና «ኡ» የምንላቸው ሁለት ድምፆች የሚጻፉት በአንድ ፊደል ስለነበር አንዳንዱ አሳስቶ «ለፌቡር» ብሎ አነበበው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ለፌቡር ተብለው የሚጠሩ ቤተሰቦች አሉ። አንዱ በጸሐፊ ጉራ፣ ሌላው በአንባቢ ስህተት! በዚህ ነው ሰው ደረቱን የሚነፋው?

ቃሉ ራሱ ከቋንቋው ሞቷል። ዛሬ ፈረንሳዊ ቀጥቃጭን በሌላ ቃል ነው የሚጠራው። «ፌቭር» የተረፈው በወርቅ ሠሪው መጠሪያ ውስጥ ተሸሽጎ ነው። ስለዚህ ስሙን ተሸክመው የሚኖሩት ሰዎች ትርጉሙ ጆሯቸው ውስጥ አይገባም፤ ባዶውን ቦታ በአንበሳ ይሞሉታል። ስም አጥንትን የሚናገር ከሆነ ለርዋ የሚባለውስ? ትርጉሙ «ንጉሡ» ነው፤ እሱም በብዛት ከሃያዎቹ ውስጥ ነው። ከንጉሥ ግን አልተወለደም። አያቱ ወይ ኩራተኛ ስለነበረ ተቀልዶበታል፣ ወይ በበዓል ቀን የጨዋታ ንጉሥ ሆኖ ዘውድ ደፍቷል።

ለፌቭሮችን በተርታ እንያቸው። አንዱ የናፖሊዮን ማርሻል ነበር፤ ዳንዚግን ከብቦ በማስገበሩ መስፍን ተባለ። ሚስቱ ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ከነአነጋገሯ ቤተ መንግሥት ገባች። አንዱ፣ ማርሴል፣ ከሮማው ጳጳስ ተጣልቶ እ.ኤ.አ. በ1988 የተወገዘ ሊቀ ጳጳስ። አንዱ፣ ሄንሪ፣ ማርክሲስት ፈላስፋ። አንዱ፣ ዦርዥ፣ እዚሁ ሊል ተወልዶ የአብዮቱን ዘመን ገበሬ ታሪክ የጻፈ። የጦር አዛዥ፣ ውጉዝ ጳጳስ፣ ማርክሲስት። የትኛው ነው «የለፌቭር ደም»?

ያንገበገበኝ ግን ጋሻው ብቻ አይደለም። አምና የባሌ እህት ልጅ ብረታ ብረት ሙያ ልማር አለ። ብየዳ፣ የብረት በር፣ አጥር፣ ይህን ነው የምወደው አለ። ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። እናቱ አለቀሰች። አማቼ ጋሻው ሥር ቆመው «ከኛ ቤት እንዲህ ያለ ወጥቶ አያውቅም» አሉ። ከኛ ቤት! ለፌቭር ከተባለ ቤት! ልጁ አሁን የሒሳብ አያያዝ ይማራል፤ ፊቱ እንደ ጠፋ ከሰል ነው።

አማቼን ብቻ ባማ ግን ግፍ ይሆንብኛል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የሰርጌ ሰሞን እናቴ ከአገር ቤት ደወለች።

«ለመሆኑ ስሙ ምን ማለት ነው?»

«ቀጥቃጭ።»

ዝም አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ቀልዱን ተዪው።»

«እውነቴን ነው እማዬ። ብረት ቀጥቃጭ።»

«በይ ይህን ለሰው እንዳታወሪ። አክስቶችሽ ከጠየቁ መሐንዲስ ማለት ነው በያቸው።»

መሐንዲስ! እኔም ፈሪ ነኝና አልኳቸው። አክስቶቼ እልል አሉ። እዚህ ያሉት ጓደኞቼም «ማዳም ለፌቭር! እንዴት ያምርብሻል!» ይሉኛል። የአባቴ ስም አላማረብኝም ኖሯል? በሕጉ እኮ ስሜ ዛሬም የአባቴ ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1794 የወጣው የአብዮቱ ሕግ ማንም ከልደት መዝገቡ ውጪ ስም እንዳይዝ ከልክሏል፤ የባል ስም መጠቀሚያ ብቻ ነው። ለጓደኞቼ ግን ፈረንሳይኛ ሆኖ ከተነገረ ቀጥቃጭም ሽቶ ሽቶ ይሸታል። ያንኑ ቃል በአማርኛ በሉት። ያ ሁሉ ሽቶ ወዴት ይሄዳል?

እንተዋወቃለን እኮ! ቀን ማረሻውን አሠርቶ የሄደ ገበሬ፣ ማታ ልጁን «ቡዳ እንዳይበላህ» እያለ ከቀጥቃጩ ደጅ ያርቃል። ጅብ ይሆናል ይሉታል። ልጅ አይድሩለትም። «ጠይብ» ከ«ጠቢብ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ጥበብን ስድብ ያደረግን ሰዎች ነን። አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው አትስደቡ ብለው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ እናቴ ቤት ገና አልደረሰም። እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1843 ቴዎፊል ለፌቭር የሚባል የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን አገራችንን ዞሮ መጽሐፍ ጽፏል። በየደጃዝማቹ ደጅ ሲገባ ስሙን ተርጉሞ «አቶ ቀጥቃጭ መጡ» የሚል አስተርጓሚ ቢኖር ማን አብሮት እንጀራ ይቆርስ ነበር? እናንተስ? እውነቱን ንገሩኝ፦ ልጃችሁ ከቀጥቃጭ ቤት ሰው አምጥታ «ላገባው ነው» ብትላችሁ የት ነው የምትገቡት?

አማቼ ቀጥቃጩን በጋሻ ሸፈኑት። እናቴ በመሐንዲስ። ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው የማይግባቡ ሁለት ሽማግሌዎች አንድን ምስኪን ሰውዬ ተጋግዘው ቀበሩት። እኔም አፈር አቀበልኩ።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት አስተማሪዋ የስማችሁን ትርጉም ሳሉ አለቻቸው። ልጄ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ጥቁር ሽርጥ ያደረገ፣ ክንዱ ከጭንቅላቱ የሚበልጥ፣ ጥርሱን ገልጦ የሚስቅ ሰው ሣለች። ከአጠገቡ ወናፍ አለ። እሳቱን ቢጫ፣ ቀይና፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሐምራዊ ቀባችው። ሥዕሉን ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ልኬያለሁ። እስካሁን አልመለሰችም።

እሁድ ደግሞ ምሳ አለ። ሥዕሉን ፍሬም አስገብቼዋለሁ። ከጋሻው በስተቀኝ ባዶ ግድግዳ አለ። ሚስማርና መዶሻ ይዤ ነው የምሄደው።