የፍልውሃ ዝናና የፍልውሃ ልኬት

ከምድር ሆድ ፈልቶ የሚወጣ ውሃ በየትኛውም አገር ሁለት ነገሮችን ይዞ ይወጣል፤ አንደኛው ሙቀት፣ ሁለተኛው ዝና ነው። ሙቀቱን በቴርሞሜትር መለካት ይቻላል። ዝናው ግን ከአፍ ወደ አፍ በተላለፈ ቁጥር እየገዘፈ ስለሚሄድ መለኪያ አይገኝለትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንዲት በፍልውሃዋ የታወቀች የተራራ ከተማን ምሳሌ በማድረግ፣ ወደ ፍልውሃ የሚሄድ ሰው ከዝናው አስቀድሞ ልኬቱን ሊጠይቅ እንደሚገባው፣ ፍልውሃውን የሚያስተዳድረውም ወገን ልኬቱን የመንገር ግዴታ እንዳለበት ማስረዳት ነው።

ከተማዋ በኦስትሪያ፣ በሳልዝበርግ ግዛት የምትገኘው «ባድ ጋስታይን» ናት። «ባድ» የሚለው የጀርመንኛ ቃል መታጠቢያ ማለት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአልፕስ ተራሮች መካከል ባለ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ተቆርቁራለች። ፏፏቴ መካከሏን ሰንጥቆ ይወርዳል፤ ታላላቅ ሆቴሎቿም ከፏፏቴው ግራና ቀኝ ገደሉን ተደግፈው ቆመዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታትና መኳንንት ይመላለሱባት ስለነበር፣ ኦስትሪያና ፕሩሲያ እ.ኤ.አ. በ1865 «የጋስታይን ስምምነት» በመባል የሚታወቀውን ውል የተፈራረሙት በዚህችው ስፍራ ነው። የዛሬው ጎብኚ ደግሞ «ፌልዘንቴርሜ» ወደሚባለው መታጠቢያ ይሄዳል፤ ትርጉሙ «የዐለት ፍልውሃ» እንደ ማለት ነው። የተፈጥሮው ዐለት የመታጠቢያው ግድግዳ አካል ሆኖ ይታያል። በክረምት፣ ከቤት ውጭ ባለው ገንዳ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አንገቱ ድረስ ሙቀት ውስጥ ሆኖ በረዶ የለበሱትን ተራሮች ይመለከታል።

የውሃው አመጣጥ ምሥጢር አይደለም። በተራራው ላይ የወረደው ዝናብና የቀለጠው በረዶ በዐለቱ ስንጥቆች ወደ ጥልቀት ይሰርጋል። በአማካይ ወደ ምድር ውስጥ በየአንድ ኪሎ ሜትሩ የዐለቱ ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚጨምር፣ ውሃው ሞቆ በሌሎች ስንጥቆች በኩል ተመልሶ ይወጣል። ሙቀቱ ብቻውን ለሰውነት የሚሰጠው ጥቅምም ግልጽ ነው። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ጡንቻ ይፍታታል። ውሃው ሰውነትን ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ እስከ አንገቱ የተነከረ ሰው እግሩ የሚሸከመው ክብደት ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው በገንዳ ውስጥ እፎይ የሚለው ስለዚህ ነው። ይህን ለማግኘት ግን ጋስታይን ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ማናቸውም የሞቀ ንጹሕ ውሃ ይበቃል።

ጋስታይንን ልዩ ያደረጋት ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪኽ ማኼ ዛሬ ራዶን የምንለው ጨረር አመንጪ ጋዝ በውሃው ውስጥ መኖሩን አረጋገጠ። ራዶን የሚፈጠረው በዐለት ውስጥ ያለው ዩራኒየም ደረጃ በደረጃ ወደ ራዲየም፣ ራዲየሙም ወደ ራዶን ሲለወጥ ነው። በ3.8 ቀን ውስጥ ግማሹ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ በዚህም ጊዜ አልፋ ቅንጣቶችን ይረጫል። ቆየት ብሎም እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ወርቅ ፍለጋ በአቅራቢያው ባለ ተራራ ውስጥ የተቆፈረው ዋሻ፣ በወርቅ ፈንታ በራዶን የተሞላ ሞቃት አየር ሆኖ ተገኘ። የኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ካጠኑት በኋላ፣ ዋሻው ከ1952 ጀምሮ ለሕክምና አገልግሎት ውሏል። ታካሚዎች በትንሽ ባቡር ወደ ተራራው ሆድ ይገቡና ከ37 እስከ 41.5 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ውስጥ ይተኛሉ።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ራዶን በብዙ አገሮች ከሲጋራ ቀጥሎ ሁለተኛው የሳንባ ካንሰር መንስኤ አይደለምን? ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ በመኖሪያ ቤት አየር ውስጥ ያለው ራዶን በሜትር ኩብ ከ100 ቤክሬል ባይበልጥ ይመረጣል ብሏል። በጋስታይኑ ዋሻ ያለው ግን ወደ 44,000 ቤክሬል ይጠጋል። ታዲያ አንዱ ገንዘብ አውጥቶ ከቤቱ የሚያስወጣውን ጋዝ፣ ሌላው ገንዘብ ከፍሎ የሚተነፍሰው እንዴት ነው?

መልሱ በመጠንና በጊዜ ስሌት ውስጥ ይገኛል። በግርድፉ እናስላው። አንድ ታካሚ በዋሻው ውስጥ በጠቅላላው 10 ሰዓት ቢቆይ፣ 44,000 በ10 ሲባዛ 440,000 ይሆናል። 100 ቤክሬል ባለበት ቤት ውስጥ በዓመት 7,000 ሰዓት የሚያሳልፍ ሰው ደግሞ 700,000 ያገኛል። ስለዚህ የታካሚው መጋለጥ ከነዋሪው የአንድ ዓመት መጋለጥ ያነሰ ነው። በዚያው ዋሻ በዓመት 200 ሰዓት የሚያሳልፍ ሠራተኛ ቢኖር ግን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ነዋሪው በ12 ዓመት ከሚያገኘው የበለጠ ይጋለጣል። ጋዙ አንድ ነው፤ ፍርዱ የተለያየው መጠኑ ስለተለያየ ነው። ይህ ስሌት ግን አደጋው ትንሽ ነው ይል እንደሆነ እንጂ፣ ጥቅም አለ አይልም። ጥቅሙ ራሱን የቻለ ማስረጃ ይፈልጋል።

ማስረጃው ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት 60 የመገጣጠሚያ ብግነት ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን ራዶንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት ውሃ፣ ግማሾቹን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ባለበት ውሃ አጠበ። ሕክምናው ሲያበቃ ሁለቱም ወገኖች ተሽሏቸው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ግን ራዶኑን ያገኙት የተሻለ ሁኔታ ላይ ተገኙ። ውጤቱ ትኩረት የሚስብ ነው፤ ሆኖም 60 ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ከጥናቱ የምንማረው ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም ያለ ራዶን የታጠቡትም መሻላቸው ነው። «ታጥቤ ዳንኩ» የሚል ምስክርነት ያዳነው ሙቀቱ ይሁን፣ ዕረፍቱ ይሁን፣ ወይስ ጋዙ ሊነግረን አይችልም። ከዚህም በላይ፣ ራዶን ውሃው በተናወጠ ቁጥር ወደ አየር እያመለጠ የሚሄድ ጋዝ ነው። ስለዚህ በሰፊ የመዋኛ ገንዳ የተዝናና ሰውና በሐኪም ትእዛዝ በገንዳ ብቻውን የተነከረ ሰው፣ የከተማዋ ስም አንድ ቢሆንም፣ ያገኙት ነገር አንድ አይደለም።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። ዋና ከተማችን በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በወደዱት ፍልውሃ አጠገብ ነው። በስምጥ ሸለቆም ከሶደሬ እስከ ወንዶ ገነት ብዙ ሰው ይታጠባል፤ ጠበል ነው ብሎ የሚጠጣም አለ። የእኛ ዋነኛ ጥያቄ ምናልባት ራዶን ሳይሆን ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ብዙ ፍልውሃዎች ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛባቸው፣ ካልሲየም ያነሰባቸው ናቸው። ካልሲየም ቢበዛ ኖሮ ከፍሎራይዱ ጋር ተዋሕዶ ያዘቅጠው ነበር፤ ስላነሰ ግን ፍሎራይዱ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ እጅግ የበለጠ መጠን ለዓመታት የጠጣ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። ውሃውን ማፍላት መፍትሔ አይሆንም፤ እንዲያውም ከፊሉ ሲተን የቀረው ይበልጥ ይከማቻል። ያ ውሃ ለገላ መልካም፣ ለመጠጥ ግን ጎጂ ሊሆን እንደሚችል በዓይን አይቶ የሚለይ የለም።

አንዳንዶች «አባቶቻችን ሳይለኩ ታጥበው ድነዋል» ይሉ ይሆናል። ልኬት ግን የአባቶችን ልምድ አይሽርም። የትኛው ምንጭ ለየትኛው ሕመም፣ ለስንት ቀን ብለው የሚመክሩት አዛውንቶች መጠንን ያውቁ ነበር፤ ያልነበራቸው መሣሪያው ነው። ዛሬ መሣሪያው አለ። ቴርሞሜትር፣ የአሲድነት መለኪያና የፍሎራይድ መመርመሪያ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች የማይገኙ ብርቅ ዕቃዎች አይደሉም። የኬሚስትሪና የሥነ ምድር ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነው። በእያንዳንዱ የሕዝብ ፍልውሃ በር ላይ የውሃው ሙቀት፣ በውስጡ የሟሟው ማዕድን፣ የተመረመረበት ቀን፣ ለመጠጥ መሆን አለመሆኑ በሚነበብ ፊደል ይጻፍ፤ በየዓመቱም ይታደስ። ከጋስታይን ልንወስደው የሚገባን ራዶኑን ወይም ሆቴሎቹን አይደለም፤ ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ ለክቶ የማወቅ ልማዱን ነው። ያ ሰሌዳ እስኪሰቀል ድረስ፣ ልጇን ይዛ ወደ ምንጩ የምትወርድ እናት ውሃውን ከማጠጣቷ በፊት «ተመርምሯል ወይ?» ብላ መጠየቅ መብቷ ነው፤ መልሱን ማዘጋጀት ደግሞ የእኛ የሳይንስ ሰዎች ሥራ ነው።