የክንድ ጨርቅ አምበል አያደርግም

የኛ እግር ኳስ አንድ የቆየ አመል አለው። ቡድን ሲሸነፍ አሠልጣኝ ይባረራል። አሁንም ሲሸነፍ አምበል ይቀየራል። ጨርቁ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ ሜዳ ላይ ጠብ የሚል ነገር የለም። ደጋፊውም ከካታንጋ እስከ ጥላ ፎቅ «መሪ የለንም!» እያለ ሲጮህ ኖሯል። ልክ ነው፣ የለንም። ግን መሪ ከየት ይመጣል? ከገበያ ይገዛል እንዴ?

መልሱን ፍለጋ ዛሬ ወደ ወሎ፣ ወደ ሐይቅ እንሄዳለን። «ሐይቅንና ኳስን ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ ትንሽ ይታገሠን። መጀመሪያ ሁላችንም የምናውቃቸውን ጨዋታዎች እናስታውስ።

ሁለት ጥር 13

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ። የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ተጋጣሚያችን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ነበረች። በዚያን ቀን ሁለት ጊዜ ተመርተናል። ሁለተኛውን የአቻነት ጎል ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ያስቆጠረው ማን ነው? አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ! ከዚያ በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና 4 ለ 2 አለቀ። አምበሉም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ልብ በሉ፣ ጭማሪው ሰዓት ላይ የደከሙት እነሱ እንጂ እኛ አልነበርንም።

ልክ ከ51 ዓመት በኋላ፣ እንደገና ጥር 13፣ በ2005 ዓ.ም.። ቦታው ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት። ዋሊያዎቹ 31 ዓመት ከራቁበት የአፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው የመጀመሪያ ጨዋታቸውን የሚያደርጉት ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ነው። ሳላዲን ሰዒድ የመታው ፍፁም ቅጣት ምት ተመለሰ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዕረፍት ሊወጡ ሲሉ ጎል ገባብን። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ? ሆኖም ዐሥር ሆነው የቀሩት ልጆች አንገታቸውን አልደፉም። ከዕረፍት መልስ አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። ያን ቀን አዲስ አበባ እንዴት እንዳደረች የረሳ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ግን ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ቡርኪና ፋሶን ገጠምን። 1 ለ 0 እየመሩን የነሱ በረኛ በቀይ ካርድ ወጣ። አሁን ዐሥር የሆኑት እነሱ፣ ዐሥራ አንድ የሆንነው እኛ ነን። ማን ተጠቀመ? ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ሦስት ጎል ጨምረውብን 4 ለ 0 ሸኙን። ዐሥር ሰው ዐሥራ አንዱን ሮጦ አሸነፈ።

ከዚህ ሁለት ጨዋታ ውስጥ የኛ ኳስ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ወኔ አለን። ወኔ ግን ያለ ጉልበት የአንድ ቀን ነገር ነው። በ20ኛው ደቂቃ መምራት ማንም ይችላል። በ80ኛው ደቂቃ ጓደኛውን «ተነሥ! ቦታህን ያዝ!» ብሎ የሚጮኸው ግን መጮኺያ ትንፋሽ የቀረው ሰው ብቻ ነው። አምበልነት ሳንባ ይፈልጋል ማለት ነው። ፊትነስና መሪነትን ለያይተን የምናወራው እስከ መቼ ነው?

ጸሎቱስ?

ልጆቻችን ሜዳ ሲገቡ አንዱ ያማትባል፣ ሌላው እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል። ደስ የሚል ነገር ነው። ችግሩ የሚመጣው ስንሸነፍ ነው። «እግዜር አላለውም» ይባልና ፋይሉ ይዘጋል። ልምምድ ያቋረጠው፣ ሌሊቱን በጫትና በመጠጥ ያሳለፈው፣ የጂም በር የማያውቀው ሁሉ በዚህች አንድ ቃል ነፃ ይወጣል። ይኼ እምነት ነው? አይደለም። ይኼ ሰበብ ነው።

እምነት ምን እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ ሰው ሐይቅ ይሂድ። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ በትልቁ ሐይቅ ዳር። ቀድሞ ደሴት በነበረው ልሳነ ምድር ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዓ ወደዚህ ሲመጡ ዝም ብለው አልመጡም። ደብረ ዳሞ ወጥተው በአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተቀምጠው ዓመታት ተምረዋል፣ መጽሐፍ መገልበጥ ለምደዋል። ሐይቅ ላይ ደግሞ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፣ መጽሐፍ ሰበሰቡ፣ አስጻፉ፣ ተማሪ አፈሩ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዚያ ከተማሩት አንዱ ናቸው። አፄ ይኩኖ አምላክም በልጅነታቸው እዚያ ተምረዋል የሚል ትውፊት አለ።

በኛ በስፖርተኞች ቋንቋ እንናገረው ከተባለ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ አካዳሚ ነበር። ተክለ ሃይማኖት የሚባል ሰው ከሜዳ ላይ በድንገት አልተገኘም። ጸሎትም ነበረ፣ ሰዓትም ነበረ፣ ሥራም ነበረ፣ አስተማሪም ነበረ። ያለ ልምምድ የጸለየ መነኩሴ ከሌለ ያለ ልምምድ የጸለየ አጥቂ ከየት መጣ?

ይኼ የአንድ ሃይማኖት ወሬ እንዳይመስል። ወሎ የቆሎ ተማሪም የደረሳም አገር ነው። አንዱ አኮፋዳውን፣ ሌላው ኪታቡን ይዞ ከእናት ከአባቱ ቤት ይወጣል። ሌሊት ይነሣል፣ ያነበንባል፣ ይራባል፣ ይበርደዋል፣ ይታገሣል። ሲበስል ሌላውን ያስቀራል። ከታች የመጣውን የሚያስተምረው ከላይ ያለው ነው። አምበል ማለት እኮ ይኼ ነው! ቀድሞ የለፋ፣ ለኋለኛው የሚያሳይ።

ከውጭም ምሳሌ ካስፈለገ ራሷ ዛምቢያ አለች። በ1985 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኗ የተሳፈረበት አውሮፕላን ጋቦን፣ ሊብረቪል አቅራቢያ ባሕር ላይ ወድቆ ሁሉም አለቁ። በ2004 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ እዚያችው ሊብረቪል ላይ ሲደርሳቸው ተጫዋቾቹ ባሕሩ ዳር ሄደው አበባ አኖሩ፣ ጸለዩም። ከዚያ ግን ሄደው 120 ደቂቃ ሮጡ። ኮትዲቯርን በመለያ ምት 8 ለ 7 ረቱ። ጨዋታው ሲያበቃ አሠልጣኙ ኸርቬ ሬናር በጉዳት የወጣውን ተከላካይ ሙሶንዳን ተሸክሞ ወደ ጓደኞቹ ወሰደው። ጸሎቱ፣ ሩጫው፣ የወደቀውን መሸከሙ ሦስቱም አንድ ላይ መጡ። አንዱን አውጥታችሁ ጣሉት፣ ዋንጫው የለም።

ስለ ፆም አንድ ነገር ልበል። አሠልጣኞቻችን ሁዳዴና ረመዳን ሲመጣ ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ ይቆጣሉ። ሁለቱም አያዋጣም። የልምምዱን ሰዓት ማዛወር፣ የሚበላውንና የሚጠጣውን በዕቅድ ማድረግ ምን ይከብዳል? በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ሌስተርና ክሪስታል ፓላስ ሲጫወቱ የሚፆሙ ተጫዋቾች እንዲያፈጥሩ ኳሱ ለትንሽ ጊዜ ቆሞላቸው ነበር። ግማሹ ተጫዋች በሚፆምባት አገር ይኼን ለመማር እንግሊዝ ድረስ መሄድ ያሳፍራል።

ቅሬና ክለብ

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የቆሎ ተማሪውን ማን ያበላው ነበር? ደረሳውንስ? መንግሥት አይደለም፣ ሰፈሩ ነው። ቁራሹን ሰጥቶ ሊቅ ያወጣው ሕዝቡ ነው።

የኛ ክለቦች ግን በአብዛኛው የከተማ አስተዳደር ጡት ጠቢዎች ናቸው። የመንገድና የውኃ በጀት ከሚወጣበት ካዝና ለተጫዋች ፊርማ ይከፈላል። ደመወዙ ከልክ ማለፉን ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ራሳቸው አምነው ነው በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን የተስማሙት። ከንቲባ ሲቀየር ክለቡ ይንቀጠቀጣል። ሰፈር ውስጥ ያለው ታዳጊ ግን ኳስ እንኳ የለውም።

«ስታዲየም ይሠራልን» የሚል መልስም አለ። ከሐይቅ በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን ቢቀጥሉ ወልዲያ ይደርሳሉ። በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተሠራው ያማረ ስታዲየም በጥር 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በ2010 ዓ.ም. ውድድር መጨረሻ ክለቡ ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ። ስታዲየሙ ጥፋት የለበትም፣ እንዲያውም ያኮራል። ግን ሲሚንቶ ብቻውን ቡድን አያቆምም።

ወሎዎች ታዲያ መልሱን ቤታቸው ውስጥ ይዘውታል። እኛ ዕድር የምንለውን እነሱ ቅሬ ይሉታል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ውስጥ ይገባል። መዋጮውን ይከፍላል፣ የቀረ ይቀጣል፣ መሪውን ራሱ ይመርጣል፣ ሒሳቡን ራሱ ይጠይቃል። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና አካባቢውን ሲያዳርስ ስንቱ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ! በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። በነዚህ ዓመታት ያደገ ልጅ ጥይት የሰማውን ያህል የዳኛ ፊሽካ አልሰማም። ይኼን ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ ኮሚቴ አያቆመውም። በየሳምንቱ የሚያገኘው ሜዳ፣ ስሙን የሚጠራ አሠልጣኝ፣ ሲቀር «የት ሄደ?» የሚል ሰፈር ያስፈልገዋል።

«ቅሬ ለቀብር እንጂ ለኳስ ነው እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ሳቁ፣ ግን አስቡት። በየዲኤስ ቲቪው ቤት የምታደንቁት ባርሴሎና የአባላቱ ንብረት አይደለም? የጀርመን ክለቦችስ ከግማሽ በላይ ድምፁ የአባላት ይሁን ብለው ሕግ አላወጡም? እነሱ የሠሩት እኛ ለሙታን የሠራነውን ነው፤ ለሕያዋን አደረጉት እንጂ።

ደሃ ሰፈር መዋጮ ከየት ያመጣል የሚለው ክርክር ሚዛን ይደፋል። እውነት ነው፣ ብሩ ጥቂት ነው። የፕሪሚየር ሊግ ደመወዝ አይከፍልም። ለታዳጊ ቡድን ኳስ፣ መረብና ማሊያ ግን ይበቃል። አስተዳደሩ የሚመድበውም ቢሆን ከላይ ለአንድ አጥቂ ፊርማ ከሚሄድ ከታች ለዐሥር ሰፈር ቢከፋፈል ይሻላል። አምበል የሚበቅለው እዚያ ነውና። ጓደኛው ማሊያ ሲያጣ የራሱን የሚያውስ፣ ታናሹን ከጭቅጭቅ የሚገላግል፣ በዝናብ ቀን ቀድሞ ሜዳ የሚደርስ ልጅ በ14 ዓመቱ ይታወቃል። በ24 ዓመቱ ጨርቅ ብናስርለት ያንኑ ይቀጥላል። በልጅነቱ ያላየነውን ግን በጨርቅ አናመጣውም።

ስለዚህ ለፌዴሬሽኑም ለክልሉም ጥያቄያችን ቀላል ነው። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚሮጡ፣ መፆምና መታገሥ ከቤታቸው የለመዱ፣ ቅሬ ያሳደጋቸው ልጆች እንደ ሐይቅ ባሉ ከተሞች ሞልተዋል። ማን ነው እነሱን ለማየት መኪናውን አስነሥቶ የሚሄደው? የሚቀጥለውን የዋሊያዎቹን አምበል እዚያ ካልፈለግነው በ80ኛው ደቂቃ እንደለመድነው ሰማይ ሰማይ እያየን እንቀራለን።