ፋሲል ግቢን ከሽንፋ በኩል ማየት

የፋሲል ግቢ አስጎብኚ ትረካውን ከየት እንደሚጀምር የታወቀ ነው። አጼ ፋሲል በ1636 ጎንደርን መናገሻቸው አደረጉ ይላል (ዓመቶቹን፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የያዝኳቸው)። ወደ 900 ሜትር የሚረዝመውን ቅጥር፣ አሥራ ሁለቱን በሮች፣ 32 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የፋሲል ግንብና በማዕዘኖቹ የቆሙትን ጉልላቶች ያሳያል፤ ዩኔስኮ ግቢውን በ1979 በዓለም ቅርስነት መመዝገቡንም አይረሳም። ከዚያ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት የመዝሙር አዳራሽ፣ የበካፋ ግብር ቤት፣ የምንትዋብ ግንብ እያለ በንጉሥ ተራ ይወርዳል። የተናገረው ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን ጎብኚው የግቢው ሀብት በየትኛው መንገድ ይመጣ እንደነበር፣ ከበሮቹ የሚወጣው ነጋዴና ወታደር ወዴት ይወርድ እንደነበር ሳይሰማ ይወጣል። ይህ ጉድለት ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ከምዕራቡ ቆላ፣ ከሽንፋ፣ ከገንዳ ውኃና ከመተማ የሚመጣውን ሰው ነው። እሱ የራሱ አገር የሌለበትን ታሪክ አድንቆ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። እኔ የምለው ይህን ነው፦ የቤተ መንግሥቱ ታሪክ ያለ ቆላው ጎዶሎ ነው፤ ጎዶሎውን ለመሙላት ደግሞ ጎብኚውን በትንንሽ ቡድን ከፍሎ፣ መንገዱን በሚያውቅ አስጎብኚ ማስጎብኘት ያስፈልጋል።

ማስረጃውን ከምንትዋብ ግንብ ብንጀምር ሩቅ መሄድ አያሻም። እቴጌ ምንትዋብ የአጼ በካፋ ሚስት፣ የዳግማዊ ኢያሱ እናት ናቸው። በካፋ በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ሕፃን ስለነበር እቴጌይቱ ዘውድ ጭነው አገር አስተዳደሩ። ዘመዶቻቸው ከቋራ ነበሩ። ለአራት አሥርት ዓመታት ገደማ የጎንደርን ቤተ መንግሥት የያዘውን ወገን የዘመኑ ሰው “ቋረኞች” ይለው ነበር፤ ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል የመንግሥቱ ዋና ሰው ሆነው ኖረዋል። የእቴጌይቱ እናት ስም እንኮዬ ነው፤ ከግቢው በሮችም አንዱ እንኮዬ በር ይባላል። ይህ ቋራ ዛሬ በምዕራብ ጎንደር ዞን የመተማ ጎረቤት ወረዳ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ጎንደርን ሳይሆን ኢትዮጵያን አንድ ላድርግ ብለው የተነሱት የቋራው ካሳ፣ አጼ ቴዎድሮስ፣ የዚያው አገር ልጅ ናቸው። ያው የቋራ ልጅ በ1866 ጎንደርን አቃጥለዋታል፤ ታሪክ ሲነገር እንዲህ ሳይለሰልስ ቢነገር ይሻላል። እንግዲህ የቆላ ተማሪ ምንትዋብ ግንብ ፊት ቆሞ “ይህን ያሠሩት ሴት ወገናቸው ከእናንተ ሰፈር ነው” የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ካልሰማ፣ ጉብኝቱ ለምን እንደተደረገ አይገባኝም።

ከዘር ሐረጉ ይልቅ ክብደት ያለው ግን መንገዱ ነው። ከጎንደር በአዘዞና በጭልጋ አድርጎ ወደ መተማ የሚወርደው መስመር የዛሬ አስፋልት ከመሆኑ በፊት ወደ ሱዳኑ ሰናር የሚወስደው የሰናር መንገድ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ በ1699 አድያም ሰገድ ኢያሱን ሊያክም ከካይሮ ተነስቶ የመጣው በሰናር በኩል በዚሁ አቅጣጫ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ሲወጣ በዚሁ ቆላ፣ ያኔ ራስ ኤል ፊል ይባል በነበረው አውራጃ በኩል ወደ ሰናር ወርዷል። ብሩስ ስለ ቆላው ዝሆን አዳኞች የጻፈው ዛሬም ሲነበብ ያስደነግጣል፦ ሁለት ሰው በአንድ ፈረስ ይቀመጣል፤ ፊተኛው ጋላቢ ዝሆኑን እያስቆጣ ወደ ራሱ ያዞረዋል፤ ኋለኛው ሰይፉን ይዞ ከፈረሱ ይዘልና ከኋላ ቋንጃውን ይቆርጠዋል። አሁን የአድያም ሰገድ ኢያሱን ግንብ ያስቡ። ውስጡ በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በመስተዋት ያጌጠ እንደነበር አስጎብኚው ሁሉ ይናገራል፤ ጎብኚውም “አቤት!” ይላል። ዝሆን ግን በጎንደር ደጋ አይሰማራም። ግንቡን ከአዳኙ ጋር ካላገናኙት ያ “አቤት” ከአፍ አያልፍም። የቤተ መንግሥቱ ፈረሰኞችም ከሰናርና ከዶንጎላ በኩል በሚመጣው ፈረስ ይመኩ ነበር። በኋላ ዘመን የመተማ ገበያ ቡናው፣ ሰሙ፣ ጥጡና፣ ሳይደበቅ መባል ስላለበት፣ ባሪያውም የሚሸጥበት ትልቅ የድንበር ገበያ ሆነ፤ ከምዕራብ አፍሪካ መጥተው የሰፈሩት ተክሩሮች ያስተዳድሩት ነበር።

ጦርነቱም በዚሁ መንገድ ሄዶ በዚሁ መጥቷል። ዳግማዊ ኢያሱ በ1744 ሰናርን ሊወጉ ወርደው በዲንደር ወንዝ አካባቢ ሠራዊታቸው ተሸነፈ፤ ከዘመቻው ጋር የወረደው የነገሥታቱ የክርስቶስ ሥዕል፣ ኵርዓተ ርእሱ፣ ተማረከና ኋላ በወርቅ ተዋጅቶ ተመለሰ። (እንግሊዞች ከመቅደላ በ1868 የወሰዱት ይኸው ሥዕል ነው፤ ከቆላ ተዋጅቶ ከደጋ ተወሰደ።) በጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሾች በመተማ በኩል ወጥተው የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል ካደረጉ በኋላ ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። በዓመቱ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆሰሉ፤ በማግስቱም አረፉ። ብዙውን ጊዜ በጎንደር ጉብኝት ውስጥ የመተማ ስም የሚነሳው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ እሳት የመጣበት በር ሆኖ። ፖንሴን፣ ዝሆን ጥርሱን፣ ፈረሱንና ቋረኞችን ትቶ ደርቡሽን ብቻ የሚያነሳ ትረካ ቆላውን የአደጋ ምንጭ አድርጎ ይስለዋል፤ ይህ ደግሞ ዛሬ በቆላና በደጋ ሰው መካከል ላለው መተያየት አይጠቅምም።

የሚከብደው ክፍል ሌላ ነው። የጎንደር ነገሥታት ወደ ምዕራቡ ቆላ የሚወርዱት ለንግድ ብቻ አልነበረም። በዘመኑ ጽሑፎች በንቀት ስም ሲጠሩ የምናነባቸው የጉሙዝና የሌሎች ጥቁር ቆለኞች ልጆች በዘመቻ እየተማረኩ ይመጡ፣ ከፊሎቹም የቤተ መንግሥቱ ወታደሮች ሆነው ያድጉ እንደነበር ብሩስ በሰፊው ጽፏል። ጉሙዝ ዛሬም በመተማና በቋራ ይኖራል። የጉሙዝ ልጅ የገባበት የጉብኝት ቡድን ይህን ሊሰማ ይገባዋል፤ የአማራውም፣ የቅማንቱም ልጅ አብሮ ቢሰማ መልካም ነው። ይህ ግን በድምፅ ማጉያ ለስልሳ ሰው የሚለፈፍ ነገር አይደለም። ጠያቂ ይፈልጋል፤ ዝም ብሎ የሚያስብበት ጊዜ ይፈልጋል፤ የልጁን ፊት አይቶ የሚናገር አስጎብኚም ይፈልጋል።

የቡድኑን ማነስ አጥብቄ የምይዘው ለዚህ ነው። ትምህርት ቤት አንድ አውቶቡስ ሞልቶ ይመጣል፤ ስልሳው ተማሪ አንድ አስጎብኚን ይከባል፤ ከፊት ያሉት አሥሩ ይሰማሉ፣ ከኋላ ያሉት ሞባይላቸውን ይዘው ግንቡን ይታከካሉ። የግንቡ ክፍሎች ለዚህ አልተሠሩም፤ ደረጃዎቹ ጠባብ፣ ወለልና መወጣጫው በየቦታው እንጨት ነው፤ በኖራ የተያያዘው ድንጋይም በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1941 ደግሞ ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው የእንግሊዞች የአየር ድብደባ ብዙ ችሏል። በቅርቡ የተደረገለት እድሳት ዕድሜው እንዲረዝም ከተፈለገ አገባቡም መታሰብ አለበት። በስፔን ግራናዳ ያለው የአልሐምብራ ቤተ መንግሥት ወደ ዋናዎቹ አዳራሾች ሰው የሚያስገባው በሰዓት በታተመ ቲኬት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ቁጥር ወስኖ ነው። እኛ ያን ያህል ሰልፍ የለብንም። ስልሳውን ተማሪ በአራት ከፍሎ፣ አንዱ ቡድን ፋሲል ግንብ ሲሆን ሌላውን ቁስቋም፣ ሌላውን ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ፣ አራተኛውን ደብረ ብርሃን ሥላሴ አድርጎ ማዟዟር ይቻላል። “ትንሽ ቡድን የሀብታም ጉብኝት ነው” የሚሉኝ አሉ፤ ለአራት አስጎብኚ መክፈል ከአንድ ይበልጣል፣ እውነት ነው። ግን የጉዞው ትልቁ ወጪ የመኪናው ኪራይና ነዳጁ ነው፤ እሱ አንዴ ከተከፈለ በኋላ የአስጎብኚ አበል ላይ መቆጠብ ጉዞውን ከነጥቅሙ መጣል ይሆናል።

“አስጎብኚው ያለው ሁለት ሰዓት ነው፤ ይህን ሁሉ የት ያስገባዋል?” የሚለው ተቃውሞ ሚዛን ይደፋል። መልሴ ይቀንስ ነው። የሕንፃ ቁመትና ስፋት ጎብኚው ወጥቶ በር ላይ ሳይደርስ የሚረሳው ነገር ነው። ግንቡን ፖርቱጋል ሠራው፣ ሕንድ ሠራው፣ የለም አገሬው ሠራው የሚለው ክርክርም ከሚገባው በላይ ሰዓት ይበላል። ከፖርቱጋሎቹ ጋር የሚያያዙት ኢየሱሳውያን በፋሲል ዘመን ከአገር መባረራቸውን ተናግሮ ማለፍ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ቡድንም አንድ ዓይነት ነገር መናገር ግዴታ አይደለም፤ ለቆላው ቡድን የሰናር መንገድ፣ ለጎጃሙ የዓባይ ማዶው፣ ለትግራዩ የምጽዋ መንገድ ቢቀድም ግቢው የሁሉም መናገሻ እንደነበር ከማንኛውም ስብከት በላይ ያሳያል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የጸጥታው ነው። ከጎንደር እስከ መተማ ዮሐንስ ያለው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሽንፋ ደግሞ ከዋናው አስፋልት ገባ ይላል። በዚህ መስመር ላይ እገታና ዘረፋ መኖሩን የማያውቅ የለም፤ ሱዳን በ2023 ጦርነት ውስጥ ከገባች ወዲህ ደግሞ መተማ የስደተኛ መግቢያ ሆናለች። ልጆችን በዚህ መንገድ አሳፍራችሁ ላኩ የሚል አፍ የለኝም። ጧት ወጥቶ ማታ የሚገባ ጉዞ የሚታሰበው ሰላም ሲሆን ነው። ይሁን እንጂ ቆላው ሰው ዛሬም ጎንደር ውስጥ አለ። ለትምህርት መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚኖር አለ፤ ሰሊጥ ሸጦ ዕቃ ሊገዛ የሚመጣ አለ፤ ካላዛር ይዞት ከእርሻ ቦታ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚመጣ የቀን ሠራተኛና እሱን የሚያስታምም ወንድም አለ። ከነዚህ ስንቱ በግቢው አጥር ሥር አልፎ ገብቶ አያውቅም! ለእነሱ ጉዞው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው፤ መኪናም እጀባም አይፈልግም። አሥር ሆነው የሚገቡበት፣ ትረካውም ከቋራና ከመተማ የሚጀምርበት አንድ የእሑድ ከሰዓት ፕሮግራም ቢኖር የሚከለክል የለም።

ቆላውን “ታሪክ የሌለው በረሃ” አድርጎ ማየት በሳይንሱ በኩልም ፈርሷል። ሽንፋ ወንዝ አጠገብ የተቆፈረውና “ሽንፋ መተማ 1” የተባለው ሥፍራ በመጋቢት ወር 2024 “ኔቸር” በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል። ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ በሱማትራ የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን፣ እዚያ የነበሩ ሰዎች ወንዙ ሲጎድል በኩሬ የቀረውን ዓሣ እያጠመዱ፣ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም በተባሉ ትንንሽ ስል ድንጋዮች እያደኑ መኖራቸውን ተመራማሪዎቹ አሳይተዋል። የጎንደር ግንብ ከዚህ አንጻር የትናንት ሥራ ነው። ሽንፋ ላይ ግን ይህን የሚያሳይ ሰሌዳ እንኳ የለም ማለት ይቻላል፤ ጎብኚን ወደዚያ መውሰድም ለጊዜው አይታሰብም።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለሁለት ወገን አቀርባለሁ። የጎንደር አስጎብኚ ማኅበራት የቆላውን ትረካ በሁለት ገጽ አማርኛ ጽፈው፣ ለአባሎቻቸው አስተምረው፣ ከምንትዋብ ግንብ ፊት እንዲናገሩት ያድርጉ። የምዕራብ ጎንደር ዞን ባህልና ቱሪዝም ደግሞ ጽሑፉ ሲዘጋጅ ከገንዳ ውኃ፣ ከሽንፋና ከቋራ የታሪክ መምህራንን፣ ከጉሙዝም ሽማግሌ ጨምሮ ይላክ። መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው፤ የሚፈጀውም ወረቀትና የጥቂት ሰዎች ጥቂት ቀን ብቻ ነው።