የላላ ሽቦና ዝም ያለ ጊታር

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ሽቦ ነው። ሽቦዋ ትንሽ ናት። መዘዟ ግን ትልቅ ነው።

አንድ የጥር ወር ላይ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ አንድ የገጠር ሠርግ ተጠርተን ሄድን። በርበሬው ተለቅሟል። በቆሎው ተፈልፍሎ ጎተራ ገብቷል። ዳሱ በሰው ሞልቷል። ወጣቶች ከከተማ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዘው መጥተዋል። ጀኔሬተሩ ተነሣ። ጊታሩ አንድ ሁለቴ ጮኸና ጸጥ አለ። ቆየት ብሎ ተንጫጫ፤ ደግሞ ዝም አለ። ጊታር መቺው በመዳፉ መታው። ገመዱን ጎተተው። ባሰበት እንጂ አልተሻለውም።

አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ «አንተ ልጄ፣ ለምን ትመታዋለህ? ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። ሥሩን ፈልግ እንጂ» አሉት።

«ሥሩ የት እንደሆነ ጠፋኝ፣ አባባ» አለ ልጁ።

ያን ቀን ሠርጉን ያዳነው አንድ አዝማሪ ነው። ማሲንቆ ሽቦ አይፈልግም!

እኛም ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ «ይህን ነገር ለአንባቢዎቻችን መጻፍ አለብን» ተባባልን።

ጊታሩ እንዴት ይጮሃል?

የክራር ድምፅ የሚጎላው በገበታው ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ግን ብቻውን ድምፁ ቀጭን ነው። ክሮቹ ብረት ናቸው። ከክሮቹ ሥር ማግኔት አለ። በማግኔቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ክሩ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህ ኤሌክትሪክ በገመድ አልፎ ወደ ድምፅ ማጉያው ይሄዳል። ማጉያው ያበረታዋል።

እንግዲህ ነገሩ እንደ መስኖ ነው። ምንጩ ደህና ቢሆንም ቦዩ ከተሰበረ ውሃው እርሻው ላይ አይደርስም። የጊታሩም ቦይ ገመዱ ነው።

ይህ መሣሪያ ገና መቶ ዓመት አልሞላውም። በ1932 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ገበያ ላይ ከዋሉት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ክብ ሆድና ረጅም እጀታ ስለነበረው «መጥበሻ» ይሉት ነበር። በአገራችንም እነ ሰላም ሥዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ውስጥ ጊታርን ከአገራችን ቅኝት ጋር አስማምተው አሰምተውናል።

በሽታውን እንፈልግ

1. የማጉያውን ድምፅ ዝቅ እናድርግ። ሌላ ደህና ገመድ እንሰካ። ጩኸቱ ከተስተካከለ የታመመው ገመዱ ነው።

2. ካልተስተካከለ ገመዱ ጊታሩ ላይ የሚሰካበትን ቦታ በቀስታ እንነቅንቅ። ሲነቀነቅ የሚንጫጫ ከሆነ የላላው እዚያው ነው።

3. አሁን ማጉያውን እናጥፋ። ስፒናውንም ከኃይሉ እንንቀል። ከዚህ በፊት ምንም ነገር አንፍታ!

እንጠግነው

መሰኪያውን ከውጭ የያዘው አንድ ዳዶ ነው። ብዙ ሰው ዳዶው ሲላላ በፒንሳ ይዞ ከውጭ ብቻ ያጠብቀዋል። ይህ ስህተት ነው። ዳዶው ሲዞር በውስጥ ያለው መሰኪያም አብሮ ይዞራል። ሽቦዎቹ ይጠማዘዙና ይበጠሳሉ። ስለዚህ የሽፋኑን ብሎኖች በካቻቢቴ እንፍታ። የውስጡን በአንድ እጅ እንያዝ፤ ዳዶውን በሌላው እናጥብቅ።

በውስጥ እንደ ምላስ የታጠፈች ብረት አለች። የገመዱን ጫፍ የምትነካው እሷ ናት። ከሰነፈች በጣት ትንሽ ወደ ውስጥ ጎበጥ እናድርጋት። ትንሽ ብቻ!

የተበጠሰ ሽቦ ካለ በካውያና በሊድ ይበየዳል። ሽቦዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ከምላሷ ጋር፣ ሌላው ከመሰኪያው አካል ጋር ይያያዛል። ቦታቸው ከተለዋወጠ ማጉያው ያጓራል። ስለዚህ ከመፍታታችን በፊት የትኛው የት እንደነበር በወረቀት ላይ እንጻፍ። ፊደል የተማርነው ለዚህም ነው! ሊዱ እስኪቀዘቅዝ ሽቦው አይነቅነቅ። ሊድ መርዝ ያለበት ስለሆነ ጢሱን አንማገው፤ ከሥራ በኋላም እጃችንን በሳሙና እንታጠብ።

ይህን አንርሳ

በጊታሩ ገመድ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ደካማ ነው፤ ሰው አይጎዳም። ወደ ማጉያው የሚገባው ግን 220 ቮልት ነው። እሱ ይገድላል። የጊታሩ ክሮች በሽቦ ከማጉያው አካል ጋር ይገናኛሉ። ማጉያው ከተበላሸና የመሬት ሽቦው ከሌለ፣ ያ ኃይል በክሮቹ አድርጎ ወደ ሰው እጅ ሊመጣ ይችላል። በ1972 እ.ኤ.አ. ሌስ ሃርቪ የተባለ የስኮትላንድ ጊታር ተጫዋች በመድረክ ላይ የመሬት ሽቦ የሌለው ማይክሮፎን በእጁ ነክቶ ሞቷል።

ስለዚህ የመሬት ሽቦውን «ትርፍ ነው» ብለን አንቁረጥ። በባዶ እግር፣ በርጥብ መሬት ላይ ቆመን አንጫወት። ማጉያውን ራሱን አንክፈት፤ ከጠፋም በኋላ በውስጡ ኃይል ይቆያል። እሱ የባለሙያ ሥራ ነው። ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘው በእጃችን አንጎትተው። መጀመሪያ ኃይሉን እናጥፋ።

ገመዱን ስንነቅልም ጃኩን ይዘን እንንቀል እንጂ ሽቦውን አንጎትት። ስናስቀምጠው ሰፋ አድርገን እንጠቅልለው። ያ ልጅ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ሠርጉ ዘፈን ባልተቋረጠበት ነበር።

ደህና ሰንብቱ።

አዲስ ቃላት
ዳዶ፦ ብሎን ላይ የሚጠመዘዝ ማጥበቂያ
ካቻቢቴ፦ ብሎን መፍቻ
ካውያ፦ ሊድ የሚያቀልጥ የጋለ ብረት
ሊድ፦ ሽቦ የሚበየድበት ቀላጭ ብረት

ጥያቄዎች
1. ዳዶውን ከውጭ ብቻ ማጥበቅ ለምን ይጎዳል?
2. ብሎን ከመፍታታችን በፊት ምን እናደርጋለን?
3. የመሬት ሽቦ ጥቅሙ ምንድን ነው? ለጎረቤታችሁ አስረዱ።