የፊልትሮው ሆድ ዕቃ ይታይ

ዘይት ሊያስቀይር ጋራዥ የሚገባ ባለመኪና ዘይቱ ላይ ጠንቃቃ ነው። ቁጥሩን ይጠይቃል፣ ጀሪካኑ ፊቱ እንዲከፈት ይፈልጋል፣ ከየት አገር እንደመጣ ይመረምራል። ፊልትሮው ላይ ሲደርስ ግን «ፊልትሮም አምጡለት» ብሎ ያልፋል፤ ምርጫውን ወደ ሱቅ ለተላከው ልጅ ይተዋል። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስለኛል። ዘይት ቢያንስ የኤፒአይ ደረጃና የውፍረት ቁጥር ታትሞበት ስለሚመጣ፣ ተመሳስሎ የተሠራ እስካልሆነ ድረስ ጥራቱ ከምን በታች እንደማይወርድ ገዥው ያውቃል። ፊልትሮ እንዲህ ዓይነት መታወቂያ የለውም። ቁመታቸው፣ ጥርሳቸውና ቀለማቸው አንድ የሆነ ሁለት ፊልትሮዎች ውስጣቸው ፈጽሞ ሊራራቅ ይችላል። ስለዚህ የታወቀ መካከለኛ ዘይት ከጥሩ ፊልትሮ ጋር የገዛ ሰው፣ ውድ ሲንቴቲክ ዘይት ገዝቶ ምንነቱ ባልታወቀ ፊልትሮ ከሚያስጣራው የተሻለ ሂሳብ ሠርቷል እላለሁ።

ጉዳዩ ዛሬ ከወትሮው በላይ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወደደ። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይትም ፊልትሮም አያሻውም። መንገድ ላይ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ግን ባለቤቶቻቸው ወደዱም ጠሉም ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ፤ ሞተር ማስወረድም ለብዙ ቤተሰብ የማይቀመስ ወጪ ሆኗል።

ፊልትሮ የሚይዘው ጎጂ ቆሻሻ አብዛኛው በዓይን አይታይም። መለኪያው ማይክሮን፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የሰው ጸጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። በኮሎው (ክራንክሻፍቱ) እና በብሮንዙ (ቤሪንጉ) መካከል ገብቶ ብረት ከብረት እንዳይነካካ የሚያደርገው የዘይት ሽፋን ሞተሩ ሲዞር ውፍረቱ ከጥቂት ማይክሮን እስከ 20 ማይክሮን ገደማ ቢደርስ ነው። ከሽፋኑ በጣም የሚያንስ ብናኝ ብዙ ሳይጎዳ ያልፋል። ከሽፋኑ ጋር የሚተካከለው ግን ሁለቱንም ወገን ይፍቃል፤ የተፋቀውም ብረት በተራው ሌላ ብናኝ ይሆናል። ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት፣ 40 ማይክሮን ከሚይዝ ፊልትሮ ጋር ሲነጻጸር 30 ማይክሮን የሚይዘው የሞተሩን መበላት በግማሽ፣ 15 ማይክሮን የሚይዘው ደግሞ በ70 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሙከራው ሆን ተብሎ ዘይቱ ውስጥ አቧራ እየተጨመረ፣ የዓመታት ድካም በአጭር ጊዜ እንዲታይ ተደርጎ የተካሄደ ነውና ቁጥሩን እንዳለ ወደ መንገድ ማውረድ አይገባም። ንጹሕ አየር ስቦ ዘይቱ በወቅቱ በሚቀየርለት መኪና ላይ ልዩነቱ ቶሎ አይታይም። ሆኖም በኮብልና በጠጠር መንገድ፣ በግንባታ አቧራ መሐል ለሚውል መኪና ያ ሙከራ ከአውሮፓ አውራ ጎዳና ይልቅ የኛን ኑሮ ይመስላል።

ብዙ ሰው ፊልትሮን እንደ ወንፊት ያስበዋል፤ ከቀዳዳው የሚበልጠው ይቀራል፣ የሚያንሰው ያልፋል ብሎ። የፊልትሮ ወረቀት ግን እኩል ቀዳዳ የለውም። የተዘበራረቁ ጭረቶች ተደራርበው የሠሩት ስለሆነ አንድ ዓይነት መጠን ካላቸው ብናኞች ከፊሉን ይይዛል፣ ከፊሉን ያሳልፋል። ጥያቄው ከመቶ ስንቱን ነው። ስለዚህ «20 ማይክሮን ፊልትሮ» የሚለው አነጋገር ብቻውን ባዶ ነው። 20 ማይክሮን ከሚያክለው ብናኝ ግማሹን የሚይዘውም፣ 99 በመቶውን የሚይዘውም በዚሁ ስም ሊሸጥ ይችላል፤ 1,000 ብናኝ ሲመጣ የመጀመሪያው 500 ያሳልፋል፣ ሁለተኛው 10። በተቃራኒው ካርቶኑ ላይ «99 በመቶ ያጣራል» ተብሎ ተጽፎ የብናኙ መጠን ካልተገለጸ፣ ነገሩ 40 ማይክሮን ላይ የተለካ ሊሆን ይችላል። አይኤስኦ 4548-12 የተባለው ዓለም አቀፍ የሙከራ ዘዴ ከፊልትሮው በፊትና በኋላ ያለውን ብናኝ በየመጠኑ እየቆጠረ ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ያወጣል። ውጤቱን በይፋ የሚያወጣ አምራች ዕቃውን ለመመዘን ፈቅዷል፤ የማያወጣው ሁሉ መጥፎ ሠሪ ነው ባይባልም እመኑኝ እያለን ነው።

እንግዲያው ከሁሉ የጠበቀውን መግዛት ነው? እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ እውነት አለው። ወረቀቱ ጠባብ ሆኖ ስፋቱ ካነሰ ቶሎ ይደፈናል። ሲደፈን ግፊቱ ይጨምርና ፊልትሮው ውስጥ ያለው ማለፊያ ቫልቭ ይከፈታል፤ ዘይቱም ሳይጣራ ወደ ሞተሩ ያልፋል። ቫልቩ የሚከፈትበት ግፊት እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ በአብዛኛው ከግማሽ ባር እስከ አንድ ባር ተኩል ይሆናል። መኖሩ ተገቢ ነው፤ ያልተጣራ ዘይት ከነጭራሹ ዘይት ከማጣት ይሻላልና። ክፋቱ ርካሽ ፊልትሮ ላይ ስፕሪንጉ ልል ሆኖ ወይም ክዳኑ በደንብ ሳይገጥም ቀርቶ ዘይቱ ዘወትር በዚያ በኩል ሲሾልክ ነው። የአየር ጠባያችንም የራሱ ድርሻ አለው። በታኅሣሥ ጠዋት በአዲስ አበባ ብርድ፣ አምራቹ 5 ደብሊው 30 ብሎ ለሠራው ሞተር 20 ደብሊው 50 የሞላ ሰው፣ ወፍራሙ ዘይት እስኪሞቅ ድረስ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ሊቆይበት ይችላል፤ የፈለገውን ያህል ጥሩ ፊልትሮ ቢገዛ በእነዚያ ደቂቃዎች ጥቅሙ ያንሳል። ስለዚህ የጥሩ ፊልትሮ መለኪያ ጥበቱ ብቻ አይደለም፤ ብዙ እጥፋት ያለው ሰፊ ወረቀትና ሞተሩ በሚፈልገው ግፊት የሚከፈት ቫልቭም ሊኖረው ይገባል።

ሌላው የተዘነጋ ነገር ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ ከፊልትሮው እንዳይወርድ የሚይዘው የጎማ ሽፋን ነው። ፊልትሮው ወደ ጎን ወይም ተገልብጦ በሚታሰርባቸው ሞተሮች ላይ ይህ ጎማ ከደረቀ ፊልትሮው ሌሊቱን ባዶ ያድራል፤ ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማው ማንቋቋት አንዱ መንስኤው ይኸው ነው። ሲሊኮን ከተራው ጎማ ይልቅ ሙቀት ይችላል። ጥርሱም መታየት አለበት። የብዙ ትንንሽ ቶዮታዎች የፊልትሮ ጥርስ ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ማለትም 19.05 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በብዙ ኒሳንና ሀዩንዳይ ላይ 20 ሚሊሜትር ነው። ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ልዩነት ነውና የ20ው ፊልትሮ ቶዮታው ላይ ገብቶ የታሰረ ሊመስል ይችላል፤ ግፊት ሲመጣ ግን ይለቃል። «ይሄም ይገጥማል» የሚለው የሱቅ ቃል የማይበቃው ለዚህ ነው። የሚጠየቀው ቁጥር ነው፤ ቶዮታ ከሆነ 90915 ብሎ የሚጀምረውን ሙሉ ቁጥር፣ ሌላ አምራች ከሆነ ከዚያ ጋር የሚዛመደውን።

«ሠላሳ ዓመት የተገኘውን ፊልትሮ እያሰርኩ ነድቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለው መከራከሪያ ከሁሉ በላይ ይሰማል። እንዲህ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ በየ3,000 ኪሎሜትሩ ዘይት የሚቀይር ነው፤ ብናኙን ፊልትሮው ባያወጣለት ራሱ ከአሮጌው ዘይት ጋር እያፈሰሰ ኖሯል። ይህ ይሠራል፣ ግን ዘይት ርካሽ በነበረበት ዘመን የሚያዋጣ መንገድ ነበር። ደግሞም በፊልትሮ ምክንያት የተበላ ሞተር በአንድ ቀን አይነክስም። የፒስተኑ ፋሻ ይላላል፣ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ባለቤቱም «መኪናው አርጅቷል» ብሎ ይሸጠዋል፤ ማንም ፊልትሮውን አይከስም። አቧራው የሚገባው በአየር ፊልትሮ በኩል ስለሆነ እሱ ይቅደም ለሚሉት ግን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የተቀደደ የአየር ፊልትሮ ያለውን መኪና የትኛውም የዘይት ፊልትሮ አያድነውም፤ ሁለቱን ለመግዛት የማይበቃ ገንዘብ ያለው ሰው መጀመሪያ የአየሩን ይግዛ።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። የመለዋወጫ ሱቆች ባሉበት ሶማሌ ተራ ቆሞ ካርቶን የሚያገላብጥ ገዥ ኦሪጅናሉን ከፎርጅዱ በምን ይለየዋል? የሕትመቱ ጥራት ዛሬ ምልክት መሆኑ ቀርቷል፤ ካርቶን መቅዳት ቀላል ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ ቢያንስ የፊልትሮው ሙሉ ቁጥርና የአምራቹ ስም ደረሰኝ ላይ እንዲጻፍ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህን ለመጻፍ የሚያንገራግር ሻጭ መልሱን ሰጥቷል። ከዚያ የሚበልጠው ማረጋገጫ ግን ከመኪናው የወረደው አሮጌ ፊልትሮ ነው። ጋራዦች ዘይቱን አንጠፍጥፈው ቆርቆሮውን ደንበኛው ፊት ቢቆርጡት ኖሮ ገበያው ራሱን ማረም በጀመረ ነበር። የብረት መጋዝ የራሱን ብናኝ ስለሚጨምር የሚሻለው እንደ ቆርቆሮ መክፈቻ እየዞረ የሚቆርጠው መሣሪያ ነው፤ ለአንድ ጋራዥ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው። ሲከፈት እጥፋቶቹ እኩል ተራርቀው ቆመዋል ወይስ አንድ ቦታ ተጨማደዋል? ወረቀቱ ከጫፉ ተላቋል? ጎማው ይተጣጠፋል ወይስ እንደ ፕላስቲክ ደርቋል? ቫልቩ በጣት ሲገፋ ተመልሶ ይዘጋል? ለእነዚህ መልስ ያገኘ ደንበኛ በሚቀጥለው ያንኑ ይገዛል ወይም ይተወዋል። ወረቀቱ መሐል የሚያብለጨልጭ ነገር ከታየ ደግሞ ማግኔት ይጠጋበት። ከተሳበ ከብረት ክፍሎች የመጣ ነው። ካልተሳበ የብሮንዙ ልባስ ሊሆን ይችላልና ሞተሩ ገና ድምፅ ሳያወጣ ከሥር ያለው የዘይት ኮፓ ወርዶ ብሮንዙ ይታይ።