«በአማርኛ ሳይንስ አለ እንዴ?»



ባለፈው ወር አንድ እሑድ ጠዋት ቤታችን የሆነውን ላጫውታችሁ። ማታ እንግዶች ነበሩብን። የተረፈውን የቲማቲም ስልስ ከነብረት ትሪው በፎይል ሸፍኜ ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁት። ጠዋት የዘጠኝ ዓመት ልጄ ስታወጣው ፎይሉ ስልሱን በነካበት ቦታ ሁሉ በጥቃቅን ቀዳዳ ተበሳስቷል። «ማን በላው?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። እኔም በእንግሊዝኛ አስረዳኋት፤ ገባት።

ትንሽ ቆይታ እናቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች። «በይ ፎይሉ ለምን እንደተበሳ ለእማማ ንገሪያት» አልኳት። ልጄ ስልኩን ይዛ ዝም አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «በአማርኛ ሳይንስ አለ እንዴ?» አለችኝ። ልታሾፍ አይደለም፤ የምሯን ነው።

ጥያቄው ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የእኔ ነው። ቤት ውስጥ በአማርኛ የምትሰማው «ብዪ፣ ተነሺ፣ ጫማሽን አውልቂ፣ እንግዳ ሰላም በዪ» ነው። «ለምን?» ብላ ስትጠይቅ ግን ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ እንሻገራለን፤ ስለሚቀለን ነው። እንዲህ አድርገን አማርኛን የትእዛዝና የሰላምታ ቋንቋ ካደረግነው፣ ልጆቻችን ከፍ ሲሉ ቢተዉት ልንገረም አይገባም።

እስቲ ያንን ፎይል በአማርኛ እንየው። ፎይሉ አሉሚኒየም ነው፤ ትሪው ደግሞ የማይዝግ ብረት። በመሃላቸው ጨውና ኮምጣጣ ቲማቲም አለ። አሉሚኒየም ኤሌክትሮኖቹን ለመልቀቅ ከብረቱ ይልቅ ይቸኩላል። ፎይሉ የትሪውን ጠርዝ ስለሚነካ ኤሌክትሮኖቹ በዚያ በኩል ወደ ብረቱ ያልፋሉ። ኤሌክትሮኑን የሰጠው አሉሚኒየም ደግሞ እየሟሟ ወደ ስልሱ ይገባል፤ ቀዳዳ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሳናውቀው ፍሪጃችን ውስጥ ባትሪ ሠርተን አደርን ማለት ነው።

ጣሊያናዊው ቮልታ በ1800 (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ዓለምን ያስደነቀው በዚሁ መንገድ ነው። የብርና የዚንክ ዝርግ ክቦችን እያፈራረቀ ደረደረ፣ በመሃላቸው በጨው ውኃ የራሰ ጨርቅ አስገባ፣ ኤሌክትሪክም ፈሰሰ። በ1991 ለገበያ የቀረበውና ዛሬ ስልካችን ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪም ሐሳቡ ያው ነው፦ አንዱ ሰጪ፣ አንዱ ተቀባይ፣ በመሃል መተላለፊያ። ልዩነቱ እሱ ቻርጅ ሲደረግ ጉዞው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የእኛ ፎይል ግን አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው።

አያችሁ? የከበደ አማርኛ አላስፈለገም።

ጉዳዩ ደግሞ ለእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ከቴሜስካል ምግብ ቤቶቻችን አካባቢ 6 ቁጥር አውቶቡስ ብትሳፈሩ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያደርሳችኋል። ከግቢው በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ በ1931 የተመሠረተው የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ አለ። አሁን ባትሪ ውስጥ የሚገባው ኮባልት አብዛኛው የሚወጣው ከኮንጎ ነው፤ ውድም ነው። እዚያ ላቦራቶሪ ያሉ ተመራማሪዎች በእሱ ፈንታ በብዛት የሚገኘውን ማንጋኒዝ ለመጠቀም ሲደክሙ ቆይተዋል።

የ2025ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ከሁለት ሌሎች ሳይንቲስቶች ጋር የተቀበሉት ፕሮፌሰር ኦማር ያጊም የሚያስተምሩት እዚያው ግቢ ነው። አማን ከተማ ውስጥ ከፍልስጤም ስደተኞች ተወልደው፣ ውኃ እንደልብ በማይገኝበት ቤት አድገው፣ በ15 ዓመታቸው ወደ አሜሪካ የመጡ ሰው ናቸው። ያሸለማቸው ምርምር ውስጡ በጣም ጥቃቅን በሆኑ ቀዳዳዎች የተሞላ ቁስ መፍጠር ነው። ለልጆቻችሁ ስትነግሯቸው «እንደ እንጀራ ዓይን፣ ግን በዓይን የማይታይ» በሏቸው። የጥቂት ግራሙ ውስጠኛ ገጽ ቢዘረጋ የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል። ይህን የመሰለ ቁስ ከበረሃ አየር እንኳ ውኃ ይለቅማል። ውኃ ሲጠብቅ ያደገ የስደተኛ ልጅ እኛ በየቀኑ በምንመላለስበት መንገድ ጫፍ ላይ ይህን ሲያስተምር፣ የእኛ ልጆች ወሬውን በእናታቸው ቋንቋ ሊሰሙ አይገባም ትላላችሁ?

«ይሄ የፈረንጅ ጉዳይ ነው» የሚል ካለ አገር ቤት ደውሎ ይጠይቅ። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክላለች። የምታመነጨው ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ነው፤ በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሹፌሩም መካኒኩም ስለ ባትሪ የሚከራከረው በአማርኛ ነው፦ አንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል? ባትሪው ሲደክም ማን ይጠግነዋል? አሮጌውስ የት ይጣላል? ከልጆቻችን አንዱ ነገ ኬሚስትሪ ተምሮ እዚያ ልሥራ ቢል ትምህርቱ አይጎድለውም። የሚጎድለው ከመካኒኩ ጋር ቆሞ የሚነጋገርበት አፍ ነው።

«አማርኛ እኮ ቃሉ የለውም» የምትሉም አላችሁ። እንግሊዝኛውስ ቃሉን ከየት አመጣው? «ኤሌክትሮን» ግሪኮች ድንጋይ ለሆነ የዛፍ ሙጫ የሰጡት ስም ነው። «ባትሪ» የመድፎች ረድፍ ይባልበት የነበረ የጦር ሜዳ ቃል ነው። እኛም ተውሰን የራሳችን አድርገናል፤ ለሬዲዮና ለእጅ ባትሪ የምንገዛውን «የባትሪ ድንጋይ» ብለነዋል። ዝገት፣ መዳብ፣ መሟሟት፣ መምጠጥ ደግሞ ጥንቱንም የእኛ ናቸው። ቃሉ ባይኖር ቮልትን ቮልት ብንለው ምንም አይለን።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የመምህሮቻችን ነው፦ «ልጆቹ ገና ፊደል አልጨረሱም፤ በሳምንት ያለን ጊዜም ትንሽ ነው።» እውነት ነው። ከፊደል ሰዓት ይቀነስ አልልም። ግን ልጅ ፊደል የሚይዘው ሊያነበው የሚፈልገው ነገር ሲያገኝ ነው። «በሬ፣ በግ፣ በቆሎ» ለአምስት ዓመት ልጅ ይበቃል፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ግን አይበቃም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ በሳምንት አንድ «ለምን?» በአማርኛ ይመለስ። አንድ ብቻ። መልሱን ካላወቃችሁት አብራችሁ ፈልጉ፤ ከዚያ በአማርኛ ተነጋገሩበት።

ሁለተኛ፣ ከትልልቆቹ ክፍል ጋር የሎሚ ባትሪ እንሥራ። አራት ሎሚ፣ አራት ዚንክ የተለበጠ ምስማር፣ ቁርጥራጭ የመዳብ ሽቦ፣ አንዲት ትንሽ ቀይ የኤል ኢ ዲ መብራት ይበቃናል። አንዱ ሎሚ ብቻውን አንድ ቮልት አይሞላም፤ አራቱ ሲያያዙ ግን መብራቷ ደብዘዝ ብላም ቢሆን ትበራለች። ልጆቹ የሆነውን በፊደል አምስት መስመር ይጽፋሉ። ሎሚውን ግን ከዚያ በኋላ ለሰላጣ እንዳታውሉት።

ሦስተኛ፣ ከእናንተ መሃል የኤሌክትሪክ መኪና የምትነዱ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ መካኒክ፣ ነርስ የሆናችሁ አላችሁ። አሥር ደቂቃ ክፍል መጥታችሁ ሥራችሁን በአማርኛ ንገሯቸው። ከእንግሊዝኛ ጋር ቢቀላቀልባችሁ አትፈሩ፤ እኔም እየቀላቀልኩ ነው።

የዚያን እሑድ ነገር አልጨረስኩላችሁም። ልጄ እየተንተባተበች፣ እኔ ቃል እያቀበልኳት፣ ለእማማ ነገረቻት። እናቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «አይ ልጄ! እኛ እኮ ኮምጣጣ ነገር ብረት ላይ አናሳድርም፣ ሸክላ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ግን ነግሮኝ የሚያውቅ አልነበረም» አለቻት።

ልጄ አሁን በየእሑዱ ለእማማ የምትነግራት ነገር ትፈልጋለች።