ሕልም አንጠብቅ፤ ፎርሙን እንሙላ

የዲፓርትመንት ምርጫ ሲደርስ ብዙዎቻችን ኢስቲኻራ ሰግደን ሕልም እንጠብቃለን። ሕልሙ ሲቀር «አላህ አልመለሰልኝም» እንላለን። እኔም ፍሬሽማን ሳለሁ ብያለሁ።

ጃቢር (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኢስቲኻራን ለሁሉም ጉዳይ፣ የቁርኣን ሱራ በሚያስተምሩበት አኳኋን ለሶሓቦች ያስተምሩ ነበር። በዱዓው ውስጥ ስለ ሕልም አንድም ቃል የለም። የምንለምነው ነገሩ ለዲናችንና ለኑሯችን መልካም ከሆነ እንዲያገራልን፣ መጥፎ ከሆነ እንዲያርቅልንና በወሰነልን መልካም ነገር እንዲያስደስተን ነው።

ስለዚህ ውጤታችሁን አይታችሁ፣ ሲኒየሮችን አማክራችሁ፣ ሁለት ረከዓ ሰግዳችሁ ፎርሙን ሙሉ። ተወኩል ይኸው ነው። የመጀመሪያ ምርጫችሁ ባይደርሳችሁ ዱዓችሁ አልባከነም፤ «አርቅልኝ» ብላችሁም ለምናችሁ ነበርና።